የዕፅ መመርመሪያ ስትሪፕ ተፈቀደ እንበል፤ ሕጉስ ምን ተብሎ ቢጻፍ ነው የሚሠራው?

ሚዛን (ጠያቂ)

በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች የፌንታኒል (በጥቂቱ የሚገድል ሰው ሠራሽ የሕመም ማስታገሻ) መመርመሪያ ስትሪፕ (ዕፁ በተሟሟበት ውሃ የሚነከር ቀጭን ወረቀት) ለረጅም ጊዜ እንደ ዕፅ መጠቀሚያ ዕቃ ሲቆጠር ኖሮ፣ ባለፉት ዓመታት በስም እየተጠቀሰ ከክልከላው ወጥቷል። ጥሩ ነው። እኔ ግን ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ይመስለኛል። አንድን ዕቃ በስሙ ጠርቶ የሚፈቅድ ሕግ፣ ገበያው ሌላ ኬሚካል ይዞ ሲመጣ ባዶ እጁን ይቀራል። ሁለት ነገር ልጠይቅ፦ ስትሪፑ በትክክል የሚነግረን ምንድን ነው፣ የማይነግረንስ? ሕጉን የሚያረቅ ሰውስ ምን ብሎ ቢጽፈው ቶሎ አያረጅበትም? "ሁሉም ይፈቀድ"፣ "ሁሉም ይታሰር" የሚለውን ክርክር ለዛሬ እንተወው።

ናሙና

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ መሣሪያውን ሳያውቁ የተጻፉ አንቀጾች ናቸው ችግር የሚፈጥሩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 10 ሚሊ ግራም ያህል ዱቄት ንጹሕና ደረቅ ዕቃ ውስጥ ይደረግና ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 2.5 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይጨመርበታል። ሜታምፌታሚን ወይም ኤምዲኤምኤ (ሁለቱም አነቃቂ ዕፆች ናቸው) ከሆነ ውሃው ሙሉ የሻይ ማንኪያ ይሁን፤ እነዚህ ሳይቀጥኑ ከተመረመሩ ፌንታኒል ሳይኖር "አለ" ያሰኛሉ። ስትሪፑ 15 ሰከንድ ይነከራል፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተጋድሞ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ይጠበቃል። አንድ መስመር ማለት ፌንታኒል አለ፣ ሁለት መስመር ማለት አልተገኘም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የእርግዝና መመርመሪያን የለመደ ዓይን በተቃራኒው ያነበዋል። ፌንታኒል ካለ ስትሪፑ ላይ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል ቀድሞ ስለሚይዘው የምርመራው መስመር ሳይወጣ ይቀራል። ሁለተኛው መስመር ደብዛዛ ቢሆንም እንደ መስመር ይቆጠራል።

አሁን ስሌቱን እዩት። 10 ሚሊ ግራም በ2.5 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲሟሟ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 4 ሚሊ ግራም ይሆናል። የተለመዱት ስትሪፖች ፌንታኒልን መለየት የሚጀምሩት በሚሊ ሊትር 200 ናኖ ግራም አካባቢ ነው፤ ይህ ከ20,000 አንድ እጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሌላ ዱቄት የተረፈ ብናኝም፣ ግማሹ ፌንታኒል የሆነ ዱቄትም እኩል "አለ" ይባላሉ። ስትሪፑ መጠን አይናገርም፤ የሚገድለው ግን መጠኑ ነው።

ሌላው ክፍተት ቅልቅሉ ነው። በእጅ በተደባለቀ ዱቄት ውስጥ ፌንታኒል እኩል አይሰራጭም፣ አንድ ቦታ ይቋጠራል። ከክኒን ጠርዝ የተፋቀ ፍርፋሪ ነጻ ቢወጣ ስለቀረው ክኒን ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። ከዚህም በላይ የፌንታኒሉ ስትሪፕ ናይታዚን የሚባሉትን ኦፒዮይዶች (እንደ ሞርፊንና ፌንታኒል ያሉ ትንፋሽ የሚያዳክሙ የሕመም ማስታገሻዎች) አያይም፤ ለእንስሳት ማደንዘዣ የሚያገለግለውን ዛይላዚንንም አያይም። ለእነዚህ የየራሳቸው ስትሪፕ አለ፤ የዛይላዚኑን ደግሞ ሊዶካይን የተባለው ማደንዘዣ ያሳስተዋል።

ኢንፍራሬድ ስፔክትሮሜትር (ውህዶችን በብርሃን የሚለይ ማሽን) በደቂቃዎች ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ውህዶች ይለያል፤ ከክብደቱ 5 በመቶ በታች የሆነው ግን ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። 5 በመቶ ከ20 አንድ እጅ ነው፤ ከስትሪፑ ጋር ሲነጻጸር አንድ ሺህ እጥፍ ልዩነት አለው። ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። መጠኑን በትክክል ማወቅ ከተፈለገ ናሙናው ማስ ስፔክትሮሜትር (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ ማሽን) ወዳለበት ቤተ ሙከራ መላክ አለበት።

ጥንቃቄ

ሳይንሱን እቀበላለሁ፤ ግን እቃወማለሁ። ናሙና ራሱ እንደጻፈው ስትሪፑ ክፍተቱ ብዙ ከሆነ፣ መንግሥት የምርመራ ጣቢያ ሲከፍት ሰው የሚሰማው "ታይቷል፣ ችግር የለበትም" የሚለውን ነው። የአሜሪካዋ ግዛት ኦሬገን እ.ኤ.አ. በ2021 ለግል መጠቀሚያ የሚሆን ዕፅ ይዞ መገኘትን ወደ 100 ዶላር ቅጣት አወረደች፤ የሕክምናው ገንዘብ ግን ዘገየ፣ በ2024 መልሳ ወንጀል አደረገችው። ፈቃዱ ከአገልግሎቱ ሲቀድም መጨረሻው ይህ ነው።

ናሙና

ስጋትህ ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ግን የውጤቱ አጻጻፍ ነው። ጣቢያው "ንጹሕ" ወይም "አደጋ የለውም" የሚሉ ቃላትን እንዳይጠቀም ይከልከል። "በዚህ ዘዴ፣ በዚህ ናሙና ውስጥ ይህ ተገኝቷል፤ ዘዴው እነዚህን ማየት አይችልም" ብሎ ይጻፍ። የኦሬገኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ የተለወጠው ቅጣቱ ነው፣ እዚህ የምንነጋገረው ስለ ምርመራ ነው። ቅጣቱ እንዳለ ሆኖም ምርመራ ሊኖር ይችላል።

አንቀጽ ጸሐፊ

ወደ ሕጉ ልምጣ። ዋናው እንቅፋት ከስትሪፑ ይልቅ የመርማሪው፣ ማለትም ዕፁን የሚመረምረው ባለሙያ፣ እጅ ነው። ናሙናውን ሲቀበል ይዞ ተገኘ፣ ሲመልስ አቀበለ፣ ወደ ቤተ ሙከራ ሲልክ አዘዋወረ ይባላል። ስትሪፑን ብቻ የፈቀደ ሕግ ከእነዚህ አንዱንም አይነካም። ኔዘርላንድ ከ1992 ጀምሮ ምርመራውን በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ ታካሂዳለች። ኒውዚላንድ በ2020 መጨረሻ በጊዜያዊ ሕግ ፈቅዳ በ2021 ቋሚ አደረገችው። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

እኔ ባረቅቀው የኬሚካል ስም አልጠራም። "የአንድን ንጥረ ነገር ምንነት፣ መጠን ወይም ብክለት ለማወቅ የሚያገለግል ማንኛውም መሣሪያ የዕፅ መጠቀሚያ ዕቃ አይደለም" እላለሁ። ቀጥዬም ፈቃድ ያለው መርማሪ ናሙና እንዲቀበል፣ እንዲይዝ፣ እንዲያጓጉዝና እንዲያስወግድ እፈቅዳለሁ። የባለ ናሙናው ስም እንዳይመዘገብና ውጤቱ በእሱ ላይ ማስረጃ ሆኖ እንዳይቀርብ ደግሞ በግልጽ እደነግጋለሁ። ይህ ካልሰፈረ ሰው አይመጣም፤ ሰው ካልመጣ ማሽኑ አቧራ ይጠጣል።

የስም ዝርዝር ቶሎ ማርጀቱ የታየ ነገር ነው። ቻይና በግንቦት 2019 የፌንታኒል ዝርያዎችን በሙሉ በአንድ መደብ ስትቆጣጠር፣ ከዚያ ወዲህ በገበያው ላይ እየበዙ የመጡት ከዚያ መደብ ውጭ ያሉት ናይታዚኖች ናቸው።

ሚዛን

አመሰግናለሁ። ኦፒዮይድ ከመጠን በላይ ወስዶ ትንፋሹ ለተዳከመ ሰው የሚሰጠው መድኃኒት፣ ናሎክሶንስ? የተቀላቀለው ዛይላዚን ከሆነ አይሠራም የሚሉ አሉ፤ ታዲያ ከምርመራው ጋር አብሮ ማደል ለምን?

ናሙና

ዛይላዚን ላይ አይሠራም፤ ብዙውን ጊዜ ግን አብሮት ኦፒዮይድ ስላለ መስጠቱ አይቀርም። 4 ሚሊ ግራም የአፍንጫ ርጭት ይሰጣል፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ተጠብቆ ትንፋሽ ካልተመለሰ ይደገማል፤ እስከዚያው በየ5 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ትንፋሽ መስጠት ነው። ሰውዬው ባይነቃም ትንፋሹ ከተመለሰ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ድጋሚ መርጨት አያስፈልግም። ውጤቱ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ ስለሚያልቅ ሰውዬውን ብቻውን መተው አይቻልም። አሜሪካ ይህን ርጭት ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ በመጋቢት 2023 ፈቅዳለች፤ ሌላውም ቦታ እንዲሁ ቢሆን ይገባል።

አንቀጽ ጸሐፊ

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ስፔክትሮሜትሩ የሚያውቀው በማመሳከሪያ ቋቱ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ ቤተ ሙከራውም አዲስ ውህድ መጣ ሲባል መጠኑን ለመለካት የውህዱ ንጹሕ ማመሳከሪያ ናሙና ያስፈልገዋል። ያ ናሙና ራሱ የተከለከለ ዕፅ ስለሆነ ለማስገባት ፈቃድ ይጠይቃል። ሕጉ ለመርማሪዎች በሚሊ ግራም የሚለካ የማመሳከሪያ ፈቃድ በአጭር ቀነ ገደብ ካልሰጠ፣ ማሽኑ ተገዝቶ ባለሙያው ተቀጥሮም አዲሱ ውህድ "ያልታወቀ" ተብሎ ይመዘገባል።