«አቲካ ብሉዝ»ን ከየት ልጀምረው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሶል ሙዚቃ በጣም እወዳለሁ፤ ፍሪ ጃዝ (ቋሚ ምትና ዜማ ሳይጠብቅ በነፃነት የሚጫወቱት ጃዝ) ግን ቶሎ ያደክመኛል። የአሜሪካዊውን ጃዝ ሳክስፎኒስት የአርቺ ሼፕን የ1972 አልበም «አቲካ ብሉዝ» ስማ እያሉኝ ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይሆናል?

መልስ፦
እንዴታ! ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምር። ባሱና ከበሮው ፈንክ ነው፤ ምቱ የሚያስጨፍር። ሄንሪ ሃል እንደ ሰባኪ ከፍ አድርጎ ይዘፍናል፤ ሴቶቹ ከኋላ ይቀበሉታል። ሰውነትህ ሳታውቀው ይነቃነቃል።

ታሪኩን ግን አስቀድመህ እወቅ። በሴፕቴምበር 1971 ኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው አቲካ እስር ቤት እስረኞች ሰብዓዊ አያያዝ ጠይቀው አመፁ። ግዛቱ በጥይት መልሶ ያዘው፤ በጠቅላላው 43 ሰዎች ሞቱ። ሼፕ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ቁጣው ሳይበርድ፣ ስቱዲዮ ገባ። በአልበሙ ውስጥ ሲናገሩ ከምትሰማቸው አንዱ ዊልያም ከንስትለር ነው፤ እስረኞቹ አስጠርተውት አቲካ የገባ ጠበቃ። እኔን አንጀቴን የሚበላኝ ይሄ ነው፤ የዜናው ሰው ራሱ ሙዚቃው ውስጥ አለ።

ሌላ መልስ፦
«ስቲም» የሚለውን ዘፈን እንዳትዘልለው። ጆ ሊ ዊልሰን ነው የሚዘፍነው፤ ቀስ ያለ፣ ሐዘን ያዘለ ነው።

ሌላ መልስ፦
መጨረሻ ላይ የትራምፔት ተጫዋቹና የሙዚቃ ደራሲው የካል ማሲ ልጅ ዋሂዳ ትዘፍናለች። ያኔ 7 ዓመቷ ነበር። ድምፅዋ ከቃናው ወጣ ገባ ይላል፤ አንዳንዶች ይሄን አይወዱትም። ለእኔ ግን ከአልበሙ ሁሉ እውነተኛው ቦታ እሱ ነው። ያልተገራ የልጅ ድምፅ፣ ከኋላው ያ ሁሉ የትንፋሽ መሣሪያ።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ በተርታ እሰማዋለሁ።