የፒቱታሪ ጥናት፦ የጋራ ፕሮፖዛሉን እናስተካክል

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሐሙስ ቸርችል ጎዳና ላይ ቡና እየጠጣን የጀመርነውን ወሬ ወደ ወረቀት እናውርደው። ርዕሱ ለጊዜው «የፒቱታሪ ዕጢ ሞለኪውላዊ ምደባና የቀዶ ሕክምና ውጤት» ነው። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ከአንጎል ሥር ያለችው ሆርሞን አመንጪ ፒቱታሪ ላይ ያደገውን እብጠት በአፍንጫ በኩል ገብተን ካወጣንለት በኋላ ማን ይድናል፣ ማንስ ላይ ይመለሳል? ረቂቁ ዓርብ ያልቃል። እስቲ ጀምሩ።

ፓቶሎጂ፦
«ሞለኪውላዊ» የምትለው ቃል አስፈራችኝ። ገምጋሚው የጂን ማሽን ይጠብቃል። እኛ የምንችለው ከታካሚው በወጣው ናሙና ላይ ሦስት ፕሮቲኖች መኖር አለመኖራቸውን የሚያሳይ ቀለም ነው፦ ፒት-1፣ ቲ-ፒት እና ኤስኤፍ-1። ይህ የሚናቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2022 እ.ኤ.አ. ምደባ በዋናነት የቆመው በእነዚሁ ላይ ነው። ፒት-1 የእድገት ሆርሞን፣ የፕሮላክቲንና የታይሮይድ አነቃቂ ሴሎችን ዘር ያሳያል። ቲ-ፒት ኤሲቲኤች (ኮርቲሶልን የሚያስመነጨው ሆርሞን) አምራቾቹን፣ ኤስኤፍ-1 ደግሞ የመራቢያ ሆርሞን አምራቾቹን። ጥቅሙ የሚታየው «ዝምተኛ» በሚባሉት ላይ ነው። ደም ውስጥ ሆርሞን አልጨመረም ተብሎ «የማይሠራ አዴኖማ» (ሆርሞን የማይረጭ፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት) ከሚባሉት መሃል ቲ-ፒት የሆነ ካለ ጠባዩ ይከፋል፤ የመመለስ ዕድሉም ይበዛል። ያለ ቀለሙ ግን ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ይቀራል።

ቀዶ ሐኪም፦
ጥሩ። ግን ሁሉንም በቀለም እንዳናሳብብ። ካቬርነስ ሳይነስ (ከፒቱታሪ ግራና ቀኝ ያለው የደም ሥር ቋት) ውስጥ የገባውን ማንም በቀላሉ አያወጣውም። ከቀዶ በፊት ባለው ኤምአርአይ የክኖስፕ ደረጃ፣ ማለትም እብጠቱ ወደዚያ ምን ያህል እንደገባ የሚለካው፣ ከ0 እስከ 4፣ ይመዝገብ። ደረጃውን ቀዶውን የሠራው ሰው አይስጥ። የራሳችንን ሥራ ስናይ ዓይናችን ይራራል፤ የኔም።

ኢንዶክሪን፦
ፕሮፍ ልክ ነዎት። እኔ «ውጤት» የሚለው እንዲብራራ እፈልጋለሁ። ለአክሮሜጋሊ (የእድገት ሆርሞን በዝቶ እጅና እግር የሚያሳድገው በሽታ) ከቀዶው በኋላ በ3ኛው ወር ገደማ አይጂኤፍ-1፣ የእድገት ሆርሞንን መጠን የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ለዕድሜው ልክ መሆኑ። ለኩሺንግ (ኮርቲሶል የሚበዛበት በሽታ) በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጠዋት ኮርቲሶል መውረዱ። ፕሮላክቲኖማን (ፕሮላክቲን የሚያመርተውን እብጠት) አብዛኛውን ጊዜ በካቤርጎሊን ክኒን ነው የምንጀምረው፤ ቀዶ ጋ የሚደርሰው በብዛት መድኃኒት ያልበገረው ስለሆነ ለብቻው ይተንተን። እብጠቱ የዓይን ነርቭን ሊጫን ስለሚችል የዕይታ መስክም አይረሳ። አንድ ታካሚዬ የጋብቻ ቀለበቱን ወርቅ ሰሪ ጋ አስቆርጦ ነው የመጣው፤ ጫማው ከ41 ወደ 44 ወጥቷል። እሱ ያማረረው ግን ታክሲ ከጎን ሲመጣ እንደማይታየው ነው።

ሬዚደንት፦
የድሮ ብሎኮችን (በሰም የተቀመጡ ናሙናዎችን) ሳገላብጥ ዋልኩ። የት እንደሆነ ይቅር። በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር ይነበባል፤ በእስክርቢቶ የተጻፈው ታጥቦ ጠፍቷል። ዓርብ ከሰዓት ወጥቶ እስከ ማክሰኞ በማቆያው ፈሳሽ፣ ፎርማሊን ውስጥ የከረመም ናሙና አለ።

ፓቶሎጂ፦
ከ72 ሰዓት በላይ የቆየውን ቀለም አላምነውም። ያለፈውን እንተወውና ከዛሬ ወደፊት እንሰብስብ። ቁጥሩ ያንሳል፣ ግን የራሳችን ነው።

ነርስ፦
ይቅርታ ዶክተሮች፣ እኔን የያዘኝ የስምምነት ቅጹ ነው። «በፒቱታሪ ዕጢ ላይ ያለ ዕጢ» ይላል! በአማርኛ ሁለቱም ዕጢ ነው። ታካሚው «ዕጢ» ሲባል ካንሰር ነው የሚሰማው፤ ፊርማውን ትቶ እናቱ ጋ ይደውላል። «ከአንጎል ሥር ያለች፣ አተር የምታክል አካል ላይ ያደገ እብጠት» ብንለውስ? ሌላ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ለ3ኛው ወር ምርመራ በምን ይመለሳል? አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ አትያዙ። የወንድሙንም፣ የጎረቤቱንም።

ፓቶሎጂ፦
እህቴ፣ የስሙ ነገር ፈረንጆቹንም አጣልቷል። በ2022ቱ ምደባ አዴኖማ ቀርቶ «ኒውሮኢንዶክራይን ቱመር» (የነርቭና የሆርሞን ባሕርይ ያላቸው ሴሎች ዕጢ) ሲባል፣ ታካሚውን ካንሰር ነው ብሎ ያስደነግጣል ብለው የተቃወሙ ሐኪሞች ነበሩ። ያንቺን አገላለጽ ውሰጂው፣ እኔ እደግፋለሁ።

አስተባባሪ፦
በቃ፣ ርዕሱ «የሴል ዘር ምደባና የቀዶ ሕክምና ውጤት» ይሁን። የትራንስፖርት ገንዘብ ለቀለሙ ከሚያስፈልጉት ፀረ እንግዳ አካሎች ግዢ ቀድሞ ይጻፍ፤ ሰውዬው ካልተመለሰ ቀለሙ ለምን ይጠቅመናል? ቅጹን ነርሳችን ትጽፈዋለች፣ የክኖስፑን ዳኛ ፕሮፍ ከራዲዮሎጂ ይፈልጉልን።

ሬዚደንት፦
እርሳሱንስ በጀት ውስጥ ላስገባው?

አስተባባሪ፦
አስገባው። ሁለት ደርዘን።