ዲግሪዬ አቻ ነው ተብሎ ሳለ ማስተማር ለምን ተከለከልሁ?

ጥያቄ፦ የማታ ተማሪ
በትውልድ አገሬ በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ 6 ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምሬአለሁ። ከተሰደድሁ ወዲህ ሌሊት አረጋውያንን እየተንከባከብሁ ቀን ቋንቋ ስማር 4 ዓመት አለፈ። ማስረጃዬ ተመርምሮ የአቻ ግመታ ወረቀት ደረሰኝ፤ የማስተማር ፈቃድ ስጠይቅ ግን ተከለከልሁ። ዕድሜዬ 39 ነው። ትምህርቱን ከመጀመሪያው መድገም ይኖርብኝ ይሆን? ማስተማሩን መተው ግን አልሆነልኝም።

መልስ፦ መዝገብ ያዥ
እህቴ፣ የተሰጡዎት ውሳኔዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአቻ ግመታው ዲግሪዎ ለተጨማሪ ትምህርት የሚያበቃ መሆኑን ሲያረጋግጥ፣ ፈቃዱ ደግሞ በዚያ አገር ክፍል ውስጥ ለመቆም የሚጠየቀውን የማስተማር ሥነ ዘዴ፣ የተግባር ልምምድና የቋንቋ ችሎታ ይመለከታል። ስለዚህ የጎደለው በዝርዝር ተጽፎ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውና በ2023 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በተቀበሉት አገሮች ዘንድ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ ዕውቅና ሲከለከል ምክንያቱ እንዲገለጽ ያስገድዳል፤ የሙያ ፈቃድ በየአገሩ ሕግ የሚመራ ቢሆንም ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ትራንስክሪፕት ብቻውን የኮርሱን ስም እንጂ ይዘቱን አያሳይም፤ የየኮርሱን ዝርዝር ይዘት ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ አስመጥተው ያያይዙ። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ጥቂት ኮርስና ልምምድ ነው፤ ሙሉ ዲግሪ መድገም የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

መልስ፦ ረዳት የነበርሁ
በዚሁ መንገድ አልፌአለሁ፤ በየሴሚስተሩ ሁለት ኮርስ ብቻ እየወሰድሁ 5 ዓመት ፈጅቶብኛል። ከሁሉ የጠቀመኝ በረዳት መምህርነት የሠራሁበት ጊዜ ነው። ሒሳብ በየትም ቦታ አንድ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ነገር ግን የረጅም ማካፈል አጻጻፍ ከአገር አገር እንደሚለያይ፣ አስርዮሽን ለመጻፍ አንዳንዱ አገር ነጥብ፣ ሌላው ደግሞ ኮማ እንደሚጠቀም ያየሁት እዚያ ነው። አንድ ልጅ «አልገባኝም» ሲል የቸገረው ሒሳቡ ይሁን የእኔ አነጋገር ለመለየት ወራት ፈጅቶብኛል፤ ይህን ማንም ኮርስ አላስተማረኝም። የሌሊቱን ሥራ በረዳትነት መለወጥ ከቻሉ፣ ደመወዙ ቢያንስም እንኳ፣ አያመንቱ።

መልስ፦ ወረቀት አልባ
ሰነዳቸው ለጠፋባቸው ስደተኞች አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. የ1997ቱ የሊዝበን ስምምነት (በአውሮፓ አካባቢ ስለ ከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ ዕውቅና የተደረገው) ክፍል 7፣ ስደተኞች ሙሉ ሰነድ ባይኖራቸውም ብቃታቸው የሚመዘንበት ሥርዓት ለመዘርጋት የሚቻላቸውን እንዲያደርጉ አባል አገሮችን ያስገድዳል። እኔም የተመዘንሁት በቃለ መጠይቅ ነው።

የማታ ተማሪ
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ዛሬ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ የኮርስ ዝርዝሩን እንዲያወጣልኝም ለቀድሞ ባልደረባዬ ውክልና እልካለሁ። ረዳት የነበርሁ ያሉኝ፣ የተግባር ልምምዱ በረዳትነት ከሠሩበት ጊዜ ተቀንሶልዎት ነበር?

ረዳት የነበርሁ
ግማሹ ተቀንሶልኛል፤ ነገር ግን አስቀድሜ ስላልጠየቅሁ የመጀመሪያው ዓመት አልተቆጠረልኝም። እርስዎ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁ።