የበረንዳ ደረጃ፣ በረዶና በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምንጣፍ

ጥያቄ፦ ከሚኒያፖሊስ

የተከበራችሁ የማህበረሰባችን አባላት፣ እናቴ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀምረዋል። እኔ በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ፣ ባለቤቴም ጎህ ሳይቀድ ስለሚወጣ፣ ጠዋት ልጆቹን እስከ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ድረስ የሚሸኙት እርሳቸው ናቸው። ከበረንዳችን ወርደን የእግረኛው መንገድ ላይ እስክንደርስ አምስት የሲሚንቶ ደረጃዎችና 15 ጫማ ያህል የሚረዝም መተላለፊያ አለ። በረዶውን በአካፋ ብንጠርገውም ሌሊቱን ገግሮ የሚያድረው ስስ በረዶ ያስፈራናል። በኤሌክትሪክ የሚሞቁ የደጅ ምንጣፎች እንዳሉ ሰምተን ልንገዛ አስበናል፤ ሆኖም ኤሌክትሪክና ውሃ አንድ ቦታ መገናኘታቸውም፣ የመብራት ክፍያውም አሳስቦናል። የምታውቁ ብትመክሩን ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ከሴንት ፖል

ውድ እህታችን፣ እናትዎ እንኳን ደህና መጡ። ሥራዬ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ በመሆኑ እነዚህን ምንጣፎች በብዙ ሰው ደጅ አይቻቸዋለሁ። ለደረጃዎቹና ለበሩ መግቢያ ቢገዟቸው ገንዘብዎ ያለ ቦታው አይወጣም፤ ለመኪና መግቢያው ወይም ለግቢው ሁሉ ግን አልመክርም። ከግዢው በፊት መልስ ማግኘት ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል፣ የቀለጠው ውሃስ ወዴት ይሄዳል?

ምንጣፉ በሁለት የጎማ ንጣፎች መካከል የሚሞቅ ሽቦ የተዘረጋበት ከባድ ዕቃ ነው፤ አብዛኛው በተለመደው 120 ቮልት ይሠራል። ኃይሉ እንደየአምራቹ ቢለያይም በአንድ ካሬ ጫማ 40 ዋት ያህል ብለን እናስላ። አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስ በረዶ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አምስት ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ እርሱን ለማቅለጥ ብቻ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ያስፈልጋል። ምንጣፉ ደግሞ በአንድ ካሬ ሜትር በሰዓት የሚሰጠው ከዚያ ትንሽ ያነሰ ነው። ነፋሱና ቀዝቃዛው ሲሚንቶ የሚወስዱት ሙቀት ሲታከልበት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአምስት ሳንቲ ሜትር በላይ ያቀልጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ እርጥብና ከባድ በረዶ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ስለዚህ ምንጣፉ የሚበራው በረዶው መውረድ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ የሚወርደው እያረፈ እየቀለጠ ይሄዳል። በረዶው ከተከመረ በኋላ የሚያበሩ ሰዎች የሚገጥማቸውን ችግር በዓይኔ አይቻለሁ። ከሥር ያለው ይቀልጥና በምንጣፉና በክምሩ መካከል ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ ላይኛው በረዶ ግን እንደ ጣሪያ ተደግፎ ይቀራል። ከላይ ሲታይ ምንም የቀለጠ አይመስልም፣ የረገጠው ሰው ግን ጣሪያው ተደርምሶ እግሩ ውሃ ውስጥ ይገባል። እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ በፕላስቲክ አካፋ ወይም በመጥረጊያ ክምሩን ማንሳት ነው፤ የብረት አካፋና የበረዶ መፈልፈያ ግን ጎማውን ስለሚቀዱ ወደ ምንጣፉ ባይቀርቡ ይሻላል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ ልምጣ። ለ15 ጫማው መተላለፊያ ሁለት ጫማ ስፋትና አምስት ጫማ ርዝመት ያላቸው ሦስት ምንጣፎች ቢያነጥፉ እያንዳንዱ 400 ዋት፣ በድምሩ 1,200 ዋት ይወስዳሉ። ለአምስቱ ደረጃዎች የሚሆኑት ትናንሾቹ እያንዳንዳቸው 80 ዋት ቢወስዱ 400 ዋት ይጨመራል። ድምሩ 1,600 ዋት፣ ማለትም ከ13 አምፔር በላይ ነው። በብዙ ቤት የውጭ ሶኬቱ ያለበት መስመር ብሬከሩ 15 አምፔር ነው፤ ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ዕቃ ደግሞ ከብሬከሩ አቅም 80 በመቶውን፣ ማለትም 12 አምፔርን፣ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሶኬት ላይ መሰካት አይቻልም። በዚያ ላይ በእኛ አካባቢ የውጭው ሶኬት ብዙ ጊዜ ከጋራዡ ጋር መስመር ይጋራል፤ ባለቤትዎ በብርቱ ብርድ ጊዜ የመኪናውን ሞተር ማሞቂያ የሚሰኩት እዚያው ከሆነ፣ ሌሊት ብሬከሩ ወርዶ ጠዋት መኪናውም ደረጃውም ቀዝቅዘው ይገኛሉ።

የውሃውና የኤሌክትሪኩ ስጋትዎ ተገቢ ነው፣ መፍትሔውም የታወቀ ነው። ምንጣፉ ጂ.ኤፍ.ሲ.አይ. በተባለው ጥበቃ ባለው ሶኬት ላይ ብቻ መሰካት አለበት፤ ይህ ጥበቃ አምስት ሚሊአምፔር ያህል ኃይል ወደ መሬት ሲያመልጥ መስመሩን ወዲያው ይቆርጣል። ጥበቃው ደጋግሞ የሚቆርጥ ከሆነ ሶኬቱ እንደተበላሸ ቆጥረው በተራ ሶኬት እንዳይቀይሩት እለምናለሁ፤ ሽቦው ወይም መጋጠሚያው ውሃ ማስገባቱን እየነገረዎት ሊሆን ይችላል። ሶኬቱ ዕቃ ተሰክቶበት ሳለ የሚዘጋ ክዳን ይኑረው። የቤት ውስጥ ኤክስቴንሽን ገመድ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ገመዱን በበር ወይም በመስኮት ክፈፍ መካከል አጣብቆ ማሳለፍም እንዲሁ አደገኛ ነው። ምንጣፎቹ እርስ በርሳቸው የሚያያዙበት መጋጠሚያ የቀለጠው ውሃ በሚተኛበት ስፍራ እንዳይውል ከደረጃው ጎን ከፍ አድርገው ያሳርፉት። ሲገዙም ለደጅ የተሠራ መሆኑንና የደህንነት ፈተና ማለፉን የሚያሳየው የዩ.ኤል. ወይም የኢ.ቲ.ኤል. ምልክት እንዳለበት ይመልከቱ።

ስለ ክፍያው፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 15 ሳንቲም ነው ብንል ከላይ የጠቀስኩት 1,600 ዋት በሰዓት 24 ሳንቲም ያስወጣል። በረዶ በሚወርድበት ጊዜ ለ12 ሰዓት ቢበራ ሦስት ዶላር አይሞላም። ተረስቶ ወሩን ሙሉ ሌት ተቀን ከበራ ግን ከ170 ዶላር በላይ ይደርሳል። ቅዝቃዜው ወደ በረዶ መሥሪያው ነጥብ ሲጠጋ ራሱ አብርቶ ሲሞቅ የሚያጠፋ መሰኪያ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሆኖም የሚኒሶታ ጥር ሳምንታት ሙሉ ከዜሮ በታች ስለሚቆይ፣ በረዶ ባይወርድም እርሱ እንደበራ ይከርማል። ስለዚህ በስልክ የሚታዘዝ፣ ለደጅ የተሠራ መሰኪያ ገዝተው የአየር ትንበያውን እያዩ ከሥራ ቦታዎ ሊያበሩት ይችላሉ። እናትዎ ከመውጣታቸው ሁለት ሰዓት ቀድመው ቢያበሩላቸው ደረጃው ደርቆ ይጠብቃቸዋል።

ሰዎች አስቀድመው የማያስቡት ውሃውን ነው። ምንጣፉ የሚያቀልጠው በሥሩና በላዩ ያለውን ብቻ ነው፤ ውሃው ከጠርዙ አልፎ ወደ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ሲደርስ ተመልሶ በረዶ ይሠራል። በመጨረሻው ደረጃ ሥር፣ ምንጣፉ ከሚያበቃበት አንድ ስንዝር አለፍ ብሎ፣ መስታወት የመሰለ ጥቁር መስመር ተሠርቶ ይገኛል፤ እስከዚያ ድረስ በደረቅ መሬት ላይ ያለ ስጋት ሲራመድ የመጣ እግር ድንገት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። በኔ ግምት ይህ ጠርዝ ምንጣፍ ካልተነጠፈበት ደረጃ ይልቅ ያሰጋል። መተላለፊያው ወደ ሣሩ ያዘነበለ ከሆነ ውሃው እዚያ ይፈሳል። ወደ መንገዱ ያዘነበለ ከሆነ ግን የመጨረሻው ምንጣፍ ጫፍ በየቀኑ መታየትና አሸዋ መበተን አለበት። ከጣሪያው የሚወርደው አሸንዳ ውሃውን በመተላለፊያው ላይ የሚደፋ ከሆነ፣ ምንጣፉን ከመግዛትዎ በፊት የአሸንዳውን ጫፍ ወደ ሌላ ጎን ያዙሩት፤ አንዳንድ ቤት ችግሩ በዚህ ብቻ ያልቃል።

ከግቢዎ ውጭ ያለውን የሕዝብ የእግረኛ መንገድ በተመለከተ ምንጣፉ አይረዳዎትም። ገመዱ መንገደኛ ስለሚያሰናክል እዚያ ማንጠፍ አይገባም። በሚኒያፖሊስ ደንብ መሠረት የአንድ ወይም የሁለት ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ባለቤት በረዶው ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ይህን መንገድ መጥረግ አለበት፤ ይህ የአካፋ ሥራ ሆኖ ይቀጥላል።

ተጨማሪ አስተያየት፦ ከብሩክሊን ፓርክ

ወንድማችን የሰጡት ማብራሪያ በጣም ጠቃሚ ነው። በየቤቱ አረጋውያንን የምንከባከብ ሰዎች የምናየውን ልጨምር። የደረጃ ምንጣፎች የደረጃውን ስፋት በሙሉ አይሸፍኑም፤ ስለዚህ የሚነጠፉት ከእጅ መደገፊያው በኩል መሆን አለበት። መደገፊያ ከሌለ ምንጣፍ ከመግዛት በፊት መደገፊያ ይተከል። እናትዎ ነጠላ ጫማ ወይም ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማ ለምደው ከሆነ፣ ምንጣፉ ላይ እንኳን ቢሆን ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ ያስፈልጋቸዋል። የቤተ ክርስቲያናችንም ደረጃ ያሳስበኛል፤ የገና ዋዜማና ጥምቀት በብርዱ ልብ ውስጥ የሚውሉ በመሆናቸው እናቶቻችን ከቅዳሴ በኋላ በሌሊት በዚያ ደረጃ ይወርዳሉ። ደግሞስ ጨው መበተን ብቻውን አይበቃም ወይ?

መልስ፦ ከሴንት ፖል

እህታችን፣ ተራው ጨው ብርዱ ከ15 ፋራናይት፣ ማለትም ከ9 ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች፣ ሲወርድ ሥራውን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ በእኛ ከተማ ደግሞ በጥር የሌሊቱ ብርድ በአማካይ ከዚያ በታች ነው። ሲሚንቶውንም ይበላል። የሚኒሶታ የአካባቢ ብክለት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንደሚያስተምረው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አምስት ጋሎን ውሃ ለዘለቄታው ይበክላል፤ ሐይቆቻችንና ወንዞቻችን የሚቀበሉት ያንን ነው። ስለዚህ በብርቱ ብርድ ቀን እግር እንዳያንሸራትት አሸዋ ይበቃል።

የቤተ ክርስቲያኑን ጉዳይ ማንሳትዎ መልካም ነው። ብዙ ሕዝብ ለሚወጣበትና ለሚወርድበት ሰፊ ደረጃ የቤት ምንጣፍ አይመጥነውም፤ ሲሚንቶው በሚታደስበት ጊዜ ማሞቂያውን ከሥሩ መቅበር ይሻላል። በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ሆላንድ ከተማ ከ1988 ጀምሮ ከኃይል ማመንጫዋ የሚተርፈውን ሙቀት በውሃ አማካይነት ከመሃል ከተማው መንገዶች ሥር በቧንቧ እያዘዋወረች በረዶውን ታቀልጣለች። የእኛ ሰበካ ጉባኤ ይህን ያህል ሊሠራ አይችልም፤ ነገር ግን ደረጃው ፈርሶ እንደገና የሚሠራበት ጊዜ ሲመጣ የሚሞቀውን ገመድ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ማስቀበር ከሁሉ የረከሰው ጊዜ ነው። እስከዚያው ለዋናው በር መግቢያና ከመደገፊያው ጎን ላለው መስመር ለንግድ ቤት የተሠሩትን ጠንካራ ምንጣፎች መጠቀም ይቻላል።

ለመጀመሪያዋ ጠያቂያችን፣ ሁለተኛ የውጭ መስመር ማስገባት ካስፈለገዎት ሥራው ፈቃድና ቁጥጥር የሚጠይቅ ስለሆነ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ያሠሩት፤ መሬቱ ሳይገግር በመስከረም ወይም በጥቅምት ቢጀምሩት ይመረጣል። በዚህ ዓመት ገንዘቡ ካልደረሰ ለአምስቱ ደረጃዎችና ከሥራቸው ላለው የመጀመሪያ አምስት ጫማ ብቻ ይግዙ። ይህ 800 ዋት ብቻ ስለሚወስድ፣ የመኪናው ማሞቂያ ከሌላ መስመር እስከተሰካ ድረስ አሁን ያለው ሶኬት ይችለዋል፤ የቀረውን አሥር ጫማ በአካፋና በአሸዋ ይያዙት።