ጣሪያው አፍስሶ የስፌት መኪናዬና ጨርቄ ረጠቡ፤ ከየቱ ልጀምር?

ባለክሯ፣ ደብረ ብርሃን
ጤና ይስጥልኝ የስፌት ወዳጆች። ትናንት ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ዘንቦ የቆርቆሮው ጣሪያ አፈሰሰ። ውሃው የአቡጀዲውን ኮርኒስ አልፎ ሁለት ነገር ላይ ወረደ። አንዱ በእግር የሚረገጠው ጥቁር ሲንገር ነው፤ ሳይሸፈን ስላደረ ሌሊቱን ሙሉ ተንጠባጥቦበታል። ሌላው የጨርቅ ሣጥን ነው፤ 6 ሜትር ነጭ ሸማ ከነጥለቱ፣ 3 ሜትር ጥቁር ሱፍና ቁርጥራጭ ፖፕሊን ነበረበት። ሸማው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ የጥለቱ ቀይም ወደ ነጩ መልቀቅ ጀምሯል። የመኪናው መዘውር ደግሞ ከብዷል። በኃይል አዙሬ ላላቀው? ሸማውንስ በረኪና ውስጥ ልዘፍዝፈው? የምሰፋው ለቤተሰብ ብቻ ነውና በእጄ የምችለውን ንገሩኝ።

ጥለት ወዳድ፣ አንኮበር
እህቴ፣ መጀመሪያ ጨርቁን፣ ከዚያ መኪናውን። ብረት ቢዝግ ይጸዳል፤ የለቀቀ ቀለም ግን አንዴ ነጩ ላይ ከደረቀ አይመለስም። በረኪናውን አስቀምጪው። ቡናማው ነጠብጣብ ከቆርቆሮና ከሚስማር የመጣ ዝገት ከሆነ በረኪና ያጠነክረዋል እንጂ አያስለቅቀውም። ሱፉ ላይ ከነካ ደግሞ ጨርቁን ይበላዋል።

ሸማው ሳይደርቅ ሰፊ ሳፋ ውስጥ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ንከሪው። ቀዩ ጥለት ነጩ ላይ ታጥፎ እንዳይተኛ ለይተሽ ያዢው። ውሃው ቀለም ማሳየት እስኪያቆም እየደፋሽ ቀይሪ፤ 5 ወይም 6 ጊዜ ቢሆን አትሰልቺ። አትጭመቂው፣ ሙቅ ውሃም አታስነኪው። ስታሰጪው ጥለቱ ወደ ታች ይሁን፤ ያኔ የሚንጠባጠበው ውሃ ቀለሙን ይዞ ከነጩ ይርቃል። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ካውያ ካሳረፍሽበት እዚያው ይቀራል።

ነጠብጣቡን በመጀመሪያ በሳሙና ሞክሪው። የኮርኒስ አቧራና ጥላሸት ከሆነ በሳሙና ይለቃል። ብርቱካናማ ሆኖ ከቀረ ዝገት ነው፤ የሎሚ ጭማቂና ደቃቅ ጨው ቀላቅለሽ ነጠብጣቡ ላይ ብቻ ቀብተሽ 30 ደቂቃ ተዪው፣ ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቂው። ካልለቀቀ ድገሚው። ሎሚው ውስጡ ከቀረ ጥጡን ያደክመዋል፤ ጥለቱን ከነካም ቀለሙን ሊቀይረው ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ጫፉ ላይ መሞከር ነው።

ሱፉን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀሽ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚው፣ ከዚያ ዘርግተሽ አስተኚው። ሱፍ የሚኮማተረው በሙቀትና በመታሸት ነው፤ ገመድ ላይ ከተሰቀለ ደግሞ ውሃው ከብዶት ይረዝማል። ፖፕሊኑን ደማቁን ከነጩ ለይተሽ እጠቢው፣ ሌላ ጣጣ የለበትም።

ምንም ነገር እርጥብ እንዳለ ፌስታል ውስጥ አታስገቢ፤ በ1 ወይም በ2 ቀን ይሻግታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ጠዋት ናት፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ እንግዲህ በማለዳ አስጥቶ ቀትር ላይ ማስገባት ነው። አደራሽን፣ ጨርቅ ቶሎ ይድረቅ ብለሽ ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አታንጂ። ጭሱ ባይታይም የከሰል ጋዝ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል።

ባለመዘውር፣ ደብረ ሲና
መዘውሩን በግድ አታዙሪ። የከበደው ውሃው ብቻውን አይደለም፤ የቆየ ዘይት ሙጫ ሆኖ ከአዲስ ዝገት ጋር ተጣብቆ ነው። በኃይል ከተዞረ ዝገቱ እንደ አሸዋ ዘንጉን ይፍቀዋል።

ቺንጋውን አውልቂ፣ የመኪናውን ራስ ከጠረጴዛው ለዪው። ከኋላ በሁለት ማጠፊያ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከስር ያሉት ሁለት ብሎኖች በካቻቪቴ ሲላሉ ይወጣል። ከባድ ነውና ሰው ይያዝልሽ። መርፌውን፣ ጨርቁን የሚጫነውን እግር፣ ከመርፌው ስር ያለውን ሳህን፣ የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን ቦቢን ከነቤቱና በግራ በኩል ያለውን ክዳን ፍቺ። እያንዳንዱን ከመፍታትሽ በፊት በስልክ ፎቶ አንሺው፤ ብሎኖቹን በፈታሽበት ተራ ደርድሪ። ውሃውን በደረቅ ጨርቅ አድርቂ። በተለይ የጨርቅ መጎተቻው ጥርስ ስር የተጠራቀመ የክርና የጨርቅ ብናኝ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ እሱን በመርፌ ጫፍ አውጪ።

ከዚያ ነጭ ጋዝ። ዘይት መጨመሪያ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ጥቂት ጠብታ አድርጊ፣ የታችኛውን ክፍል በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽጂ፣ 1 ሰዓት ተዪው። መዘውሩን ትንሽ ወደ ፊት ትንሽ ወደ ኋላ እያወዛወዝሽ እንዲላላ አድርጊ፤ እምቢ ካለ ጋዙን ጨምረሽ ማሳደር እንጂ መታገል የለም። ሥራው ደጅ፣ ከእሳት ርቆ ይሁን።

ነጭ ጋዝ ቆሻሻ ያሟሟል እንጂ አያለሰልስም፤ እዚህ ላይ ከቆምሽ ብረቱ ደረቁን ይፋተጋል። ስለዚህ ጠርገሽ በየቀዳዳው 1 ወይም 2 ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት፤ ታች ብረት ከብረት የሚነካካበትም ሁሉ ይድረሰው። የምግብ ዘይት ወራት ሳይሞላው ይደርቅና ሙጫ ይሆናል፣ የሞተር ዘይት ደግሞ ለዚህ ይወፍራል። ክር ማጥበቂያው ሁለት ሳህኖች መካከል ግን ዘይት አይግባ፤ ደረቅ ጨርቅ ብቻ አሳልፊበት። እዚያ ዝገት ከቀረ ክሩ እየተበጠሰ ያስቸግርሻል።

ሲያድር ሳህኑንና እግሩን መልሺ፣ የዛገ መርፌ ጣይና አዲስ አድርጊ፤ ለሸማና ለፖፕሊን ቁጥር 90/14 መርፌ ይስማማል። ዘይት ጨርቁ ላይ መታየት እስኪያቆም ቁርጥራጭ ስፊበት።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ለረጠበባችሁ፦ ሞተሩና መርገጫው ውስጣቸው እስኪደርቅና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው እስኪያያቸው አትሰኩት። ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊትም ከሶኬት መንቀል ነው፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

ባለክሯ፣ ደብረ ብርሃን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሸማው አራተኛ ውሃ ላይ ነው፣ ቀዩ እየቀነሰ ነው። ሁለት ነገር ልጨምር፦ የመኪናው የወርቅ ቀለም ጽሑፍ ላይ ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ወጣ፣ ቺንጋውም ረዘመ።

ባለመዘውር፣ ደብረ ሲና
ደመናው ውሃ የነካው የላዩ ቫርኒሽ ነው። አልኮልም ቤንዚንም አታስነኪው፣ የወርቁን ቀለም ጭምር ያነሱታል። ነጭ ጋዙም ወደ ውስጥ ብቻ እንጂ ላዩ ላይ አይሁን። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ ከዚያ የስፌት መኪናውን ዘይት በለስላሳ ጨርቅ ቀቢው። ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ይደበዝዛል፣ ስፌቱን አይነካውም።

ቺንጋው ቆዳ ስለሆነ ጥላ ላይ ይድረቅ፣ እሳት ካየ ይሰነጠቃል። ደርቆም ከተንሸራተተ የማያያዣውን ሽቦ ፈተሽ ከአንዱ ጫፍ 1 ሴንቲሜትር ቁረጪ፣ አዲስ ቀዳዳ በስተሽ መልሰሽ እሰሪ። አንዴ ብዙ አትቁረጪ፤ ከጠበበ መርገጫው ይከብዳል። የጠረጴዛው ስስ ልባስ እንጨት ከተነሳ ደግሞ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነጭ ኮላ ከስሩ አስገብተሽ፣ ላዩ ላይ ፌስታል አንጥፈሽ፣ ከባድ ነገር ጭነሽ 24 ሰዓት ተዪው።

ቆርቆሮ መቺ፣ መሐል ሜዳ
ጣሪያው ካልተስተካከለ ይኸው ሁሉ ነገ ይደገማል። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው ቆርቆሮው ተበስቶ ሳይሆን የሚስማሩ ጎማ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ነው። ከቤት ውስጥ መብራት አጥፍታችሁ በቀን ቀና ብላችሁ እዩ፤ ብርሃን የሚያሾልከው ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ። ያረጀውን ሚስማር ነቅላችሁ ትንሽ ወፈር ያለ፣ አዲስ ጎማ ያለው ሚስማር ምቱበት። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ሞገድ ጀርባ ላይ ነው፤ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ከተመታ ጎማው አዲስም ቢሆን ያፈሳል።

በረዶው መገጣጠሚያው ላይ ሞገዱን አጎድጉዶት ከሆነ ሁለቱ ቆርቆሮዎች አይገጥሙም፣ ውሃም በመካከላቸው ይሳባል። እዚያ ላይ ሬንጅ ለጊዜው ይይዛል፤ ለዘለቄታው ግን ያ ቆርቆሮ መቀየር አለበት። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ ማንም አይውጣ። ሲደርቅም የሚረገጠው ሚስማሩ በተመታበት መስመር ነው፣ ሞራሌው ከስሩ ስላለ። መኪናውንም እስከዚያ ከመገጣጠሚያው ስር አርቃችሁ አስቀምጡት፤ በፕላስቲክ የምትሸፍኑት ከሆነ ከስር ነፋስ እንዲገባው ክፍት ተዉለት።