«ድንክ ፕላኔት» ፕላኔት ነው ወይስ አይደለም?

ጠያቂ፦ ወገኖች፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ድንክ ፈረስ ፈረስ ነው። ድንክ አልጋም ያው አልጋ ነው። ታዲያ ፕሉቶ «ድንክ ፕላኔት» እየተባለ ከፕላኔቶች ተርታ ለምን ወጣ?

መላሽ፦ ጥሩ ነገር አነሳህ። እ.ኤ.አ. በ1991 ቃሉን ያወጣው አለን ስተርን የተባለ ሳይንቲስት ነው። እሱም ያሰበው እንዳንተው ነበር፤ ትንሽ ይሁን እንጂ ፕላኔት። ነገሩ የተለወጠው በ2006 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ፕራግ ላይ ሲሰበሰብ ነው። ፕላኔት ለመባል ፀሐይን መዞር፣ በራስ ስበት መድቦልቦል፣ በምህዋሩም አካባቢ የበላይ መሆን ያስፈልጋል ተባለ። ሦስተኛው ላይ የወደቀው «ድንክ» ሆነ። ስምንቱን «ክላሲካል» ብለን ድንኮቹም ፕላኔት ሆነው ይቆዩ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በድምፅ ተሸነፈ።

ጸቡን የጫረችው ኤሪስ የተባለች፣ እንደ ፕሉቶ ፀሐይን የምትዞር አካል ናት። በ2005 ስትገኝ ከፕሉቶ ትበልጣለች ተብሎ ነበር። ዛሬ ወርዷ 2,326 ኪሎ ሜትር፣ የፕሉቶ ደግሞ 2,377 መሆኑ ታውቋል። በያዘችው ቁስ ግን ከሩብ በላይ ትበልጠዋለች። እሱ ፕላኔት ከተባለ እሷን ምን ሊሏት ነው? ስሟ የግሪኮች የጠብ አምላክ ስም ነው። ሰያሚዎቹ ቀልድ ያውቃሉ።

ሌላ አባል፦ እኔ በስሙ ችግር የለብኝም። የሌሊት ወፍም ወፍ አይደለችም፤ ለምደነዋል። የሚከነክነኝ ሦስተኛው መስፈርት፣ «ምህዋሩን ያጸዳ» የሚሉት ነገር ነው። ፕሉቶ የኔፕቱንን ምህዋር አልፎ ይገባ የለ እንዴ? ታዲያ ኔፕቱንስ መቼ አጸዳ?

መላሽ፦ እውነትሽን ነው፣ አተረጓጎሙ ያሳስታል። ባዶ ማድረግ ማለት አይደለም። ኔፕቱን ፀሐይን 3 ጊዜ ሲዞር ፕሉቶ 2 ጊዜ ይዞራል። ልኩን የሚያስጠብቀው የኔፕቱን ስበት ነው፤ ለዚህም ነው ሁለቱ የማይቀራረቡት። «አካባቢውን የተቆጣጠረ» ብንል ይሻላል ባይ ነኝ። «ክብ» የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። ሃውሜያ በ4 ሰዓት ገደማ አንዴ በራሷ ዙሪያ ስለምትሽከረከር ተለጥጣ እንቁላል መስላለች፤ ኅብረቱ ግን ከድንኮቹ መድቧታል።

ጠያቂ፦ አሁን ገባኝ፤ ግን አልተዋጠልኝም። ፀሐያችንም እኮ በሥነ ፈለክ ሰዎች አጠራር ድንክ ኮከብ ናት። ኮከብነቷን የነጠቃት የለም!

መላሽ፦ እሱንስ እኔም አልከራከርህም።