ጥሩ ሰጋር ፈረስ በቀዘቀዘ ገበያ እንዴት ይሸጣል?

ጥያቄ (ባለዳማ)

ሰላም ለቤቱ። ፈረስ የምታውቁ ሰዎች ምክራችሁን እሻለሁ። የሚሸጠው 6 ዓመት የሞላው ዳማ ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ) ነው። ሰጋር ነው፣ ተቀማጩን ሳይንጥ ይሄዳል፣ ለጉግስ ጨዋታም ለሩቅ መንገድም የተገራ። ጀርባው ላይ የኮርቻ ጠባሳ የለበትም፣ አራቱም ሰኮናው ደህና ነው፣ ቁመቱ 138 ሳንቲ ሜትር። ቦታው አዊ፣ እንጅባራ አካባቢ። በሰኔ ሁለት ጊዜ፣ በሐምሌ አንድ ጊዜ ገበያ ወጥቶ ተመልሷል። የሚጠይቁት የጋሪ ሰዎችና ደላሎች ብቻ ናቸው፣ የሚሰጡትም የማንኛውንም ተራ ፈረስ ዋጋ ነው። እስከ ጥር ላቆየው ወይስ በተገኘው ልስጥ? ገዢ ያሸሸው ድንጉላነቱ ከሆነስ ላስኮላሸው? በቴሌግራም ማውጣትስ ፋይዳ አለው?

መልስ (ኮርቻና ልጓም)

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ገበያ ማመላለሱን አቁም። የሳምንት ገበያ ዐይን አይረሳም። ሦስት ጊዜ ወጥቶ የተመለሰ ፈረስ «ምን ቢገኝበት ነው?» ይባላል። አራተኛ ጊዜ ስታወጣው ድርድሩ የሚጀምረው ባለፈው ሳምንት ከተሰጠህ ዝቅ ብሎ ነው። ደላላው ያንን ዋጋ ከአንተ በላይ ያስታውሰዋል።

የቀዘቀዘው በፈረስህ ጥፋት አይደለም። በሰኔና በሐምሌ የገበሬው ብር ማዳበሪያና ዘር ላይ ነው ያለው። መስከረም ላይ ደግሞ ለልጆች ትምህርትና ለበዓል ብር የፈለገ ሁሉ ከብት ስለሚያወጣ ሻጭ ይበዛል። በግና በሬ በዓል ሲደርስ ዋጋቸው ይነሣል። ፈረስ ግን አይታረድም፣ ስለዚህ የእንቁጣጣሽም የፋሲካም ድግስ አያነሣውም። ፈረስን የሚያነሣው ሰው መቀመጥ ሲፈልግ ነው፦ ጥምቀት፣ ጉግስ፣ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለው ሰርግ። እናንተ ዘንድ ደግሞ ጥር 23 አለ፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ በዓሉን የሚያከብርበት ቀን። በዚያ ቀን ሊታይበት የሚፈልግ ሰው ፈረስ የሚገዛው በዋዜማው አይደለም። ፈረሱ ድምፁንና እጁን እስኪለምድ ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ያንተ ጊዜ ጥር አይደለም፣ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ያኔ ሰብል እየገባ ነው፣ ገበሬውም እጁ ላይ ብር አለ። ጥር 23 ካለፈ በኋላ ለበዓሉ ብለው የገዙ ሰዎች ራሳቸው ሻጭ ይሆኑብሃል።

አሁን ሒሳቡን ሥራ። ፈረሱ ስንት ኪሎ እንደሆነ ካላወቅህ የመኖውንም የመድኃኒቱንም መጠን አታውቅም። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለካ። ከዚያ ከደረቱ ጫፍ፣ ከትከሻው አጥንት፣ እስከ ታፋው መጨረሻ ርዝመቱን ለካ። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ላይ ስለሚያልቅ በገመድ ለክተህ ገመዱን በሜትር ብትለካው ይሻላል። ዙሪያውን በራሱ አባዛው፣ በርዝመቱ አባዛው፣ ለ11,880 አካፍለው። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 135 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 256 ኪሎ ይመጣል። እንዲህ ያለ ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል፣ ማለትም 5 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበቃዋል። እስከ ኅዳር ሣሩ ሜዳ ላይ ስላለ ወጪህ ጠባቂና ጥቂት ማሟያ ብቻ ነው። እንበልና በቀን 60 ብር ቢሆን፣ 120 ቀን 7,200 ብር ይወጣል። ይህን እጥፍ አድርገው፤ ሁለተኛው እጥፍ ለበሽታና ለአደጋ ነው። የጋሪው ሰው በሚሰጥህና ጉግስ ተጫዋች በሚከፍለው መካከል ያለው ልዩነት ከ14,400 ብር ከበለጠ አቆየው። ካልበለጠ አሁኑኑ ስጠው። የመጨረሻ ዋጋህን ዛሬ ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ለደላላው ግን አትንገረው።

አንድ ነገር ግን ልለምንህ፤ የተገራ ሰጋር ፈረስ ለጋሪ አትስጥ። ስግሪያው ለጋሪ ምንም አይጠቅምም፣ ለእሱም የሚከፍልህ የለም። ባጃጅ በገባባቸው ከተሞች የጋሪው ገቢ ስለቀነሰ ባለጋሪው ርካሽ ፈረስ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ያንተ ፈረስ ግን ለዚያ አልተገራም።

መልስ (የጋማ ከብት ባለሙያ)

ስለ ማኮላሸቱ፦ አሁን አይደረግ። ክረምት ላይ ጭቃና ዝንብ አለ፣ ቁስሉ ያመረቅዛል። ለሁለት ሦስት ሳምንት እብጠት ይኖረዋል፣ እብጠቱ እንዲወርድ ደግሞ በየቀኑ መንሸራሸር አለበት። ጠባዩም በአንድ ቀን አይለወጥም፤ በደሙ ያለው ሆርሞን ወርዶ ባዝራ (ሴት ፈረስ) ሲያይ ዝም እስኪል ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በኅዳር አስኮላሽተህ በታኅሣሥ ብታወጣው ከስቶና ደንብዞ ነው የሚታየው። የጉግስ ሰው ድንጉላ አይጠላም። ድንጉላ የማይፈልጉት ባለጋሪዎችና ጎብኚ የሚያስጋልቡ ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ የአንተ ገዢዎች አይደሉም። ገዢው ከፈለገ ገዝቶ በሐኪምና በማደንዘዣ ያስኮላሸው።

እስከ ኅዳር ካቆየኸው ትልቁ ስጋት መኖ አይደለም፣ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው። የሚያስተላልፉት ከዝናብ በኋላ የሚበዙ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ናቸው፣ የሚነክሱትም ከመሸ እስኪነጋ ነው። ከዐይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ አብጦ ሲሞላ፣ ወይም በአፍንጫው ነጭ አረፋ ሲወጣ ካየህ ጊዜ የለህም፤ በሳምባ የመጣው ዓይነት በጥቂት ቀን ይገድላል። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ያዘጋጀዋል። ዘንድሮ ካልተከተበ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ዛሬ ሄደህ ጠይቅ። የተከተበበትን ቀን በማኅተም አጽፈህ ያዝ፣ ያ ወረቀት በኅዳር ከአንደበት ይበልጣል። ከመስከረም ጀምሮ ሜዳ ላይ አታሳድረው፤ ከመምሸቱ በፊት ቤት አግባው።

ገበያ ላይ ሌላም አለ። በእግሩ፣ በአንገቱ ወይም በደረቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተርታውን እያበጠ የሚፈነዳ ቁስል ያለበት ፈረስ ካየህ ፈረስህን ከአጠገቡ አትሰረው። ቆዳን የሚይዝ የፈንገስ በሽታ ነው፣ በተለይ የጋሪ ፈረሶችን ያጠቃል፣ በዝንብና በተዋሱት ኮርቻ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይሄዳል። ኮርቻህን፣ የኮርቻ ልብስህን (ግላስህን) እና ልጓምህን ለማንም አታውስ፣ «አንዴ ልቀመጥበት» ላለህም በራስህ ኮርቻ አስቀምጠው።

ማወፈር ከፈለግህ ገብሱን በአንድ ቀን አትደርድርበት። ሻጮች ገበያ ሲቀርብ ገብስ በገፍ ይሰጡና ወይ ፈረሱን በሆድ ቁርጠት ያጣሉ፣ ወይ ሰኮናው ግሎ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ መቆም ይጀምራል። የዚያን ጊዜ ገበያ አይወጣም፣ ለብዙ ሳምንትም አይጋለብም። በሩብ ኪሎ ጀምር፣ በየሦስት ቀኑ ሩብ ኪሎ ጨምር፣ በቀን ከአንድ ኪሎ ተኩል አትለፍ፣ ያንንም ጠዋትና ማታ ክፈለው። ከገብሱ በፊት ድርቆሽ ይብላ። ጨው አንድ የሾርባ ማንኪያ። ውኃ ሁልጊዜ ንጹሕ።

ሰኮናውን የሚከረክም ሰው ካገኘህ ከመሸጡ ሁለት ሳምንት ቀደም አድርገህ አስከርክም። በዋዜማው ብታስከረክመው ገዢው ድንጋይ ላይ ሲያስሄደው ያነክሳል፣ ጤነኛ ፈረስህን በሽተኛ ታደርገዋለህ።

መልስ (ከእንጦጦ ማዶ)

ቴሌግራሙ ይጠቅማል፣ ነገር ግን በአሁኑ መልክ አብዛኛው ሰው የሚያወጣው ፎቶ ፈረሱን ያዋርደዋል። ጌጥ አልብሰው፣ ጭንቅላቱን ብቻ አንሥተው፣ «ምርጥ ፈረስ» ብለው ይጽፋሉ። የሚገዛ ሰው ማየት የሚፈልገው እግር ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ጠዋት፣ ፀሐይ ከኋላዎ ሆና፣ ሜዳማ ቦታ ላይ፣ ሣሩ ሰኮናውን የማይሸፍንበት። ኮርቻ የለም። ስልኩን በደረቱ ልክ ዝቅ አድርገው በጎኑ ያንሡት፣ አራቱም እግሮች ለየብቻ ይታዩ። አንድ ፎቶ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ አንድ የጀርባው ከላይ፣ አንድ የጥርሱ። ጥርሱን የሚያይ ገዢ ዕድሜውን በራሱ ይናገራል፤ በ5 ዓመት ሁሉም የፊት ጥርሶች ተለውጠው አፉ ይሞላል፣ በ6 ከታች በመካከል ባሉት ሁለቱ ላይ ያለው ጉድጓድ ያልቃል፣ በ7 ቀጥለው ያሉት፣ በ8 የዳሮቹ። «6 ዓመት» ብለው ጽፈው ጥርሱን ካላሳዩ የሚያምንዎ የለም።

ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ዘፈን አይጨመርበት፣ የሰኮናው ድምፅ ነው የሚሰማው። በቀጥታ ከእርስዎ እየራቀ ይሂድ፣ ዞሮ ወደ እርስዎ ይምጣ፣ በሁለቱም በኩል ክብ ይዙር፣ ከዚያ ሰው ይቀመጥበትና ይስገር። ስግሪያውን ከጎን ሲያነሡት የፊትና የኋላ እግሩ በአንድ ወገን አብሮ ሲነሣና ተቀማጩ ሳይናጥ ሲሄድ ይታያል። ዋጋውን የሚያወጣው ይህ ነው፣ በገበያ ግርግር ውስጥ ደግሞ በፍጹም አይታይም። ተቀማጩ በእጁ በውኃ የተሞላ ብርጭቆ ይዞ ቢስገር አንድ ቃል መጻፍ አያስፈልግዎትም።

ጽሑፉ ውስጥ ጉድለቱን መጀመሪያ ያስቀምጡ። ባዝራ ሲያይ ይጮኻል? ይጻፉት። ሞተር ይፈራል? ይጻፉት። ይህን አንብቦ የሚደውል ሰው አስቀድሞ ተቀብሎት ነው የሚደውለው፣ ቦታው ደርሶ በዚያ ሰበብ ዋጋ አያወርድም። ዋጋውንም ይጻፉ፤ «በስልክ» የሚል ማስታወቂያ ደላላን ነው የሚጠራው።

ገዢው ሩቅ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ዙሪያ እንበል፣ የመኪናውን ነገር አስቀድመው ይነጋገሩ። አይሱዙ ላይ ወለሉ ገለባ ወይም አሸዋ ካልተነጠፈበት ይንሸራተታል። በየአራት ሰዓቱ ቆሞ ውኃ ይጠጣ። ድንጉላን ከባዝራ ጋር አይጫኑ።

ጥያቄ (ባለዳማ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኅዳርን እጠብቃለሁ፣ ክትባቱንም ነገ እጠይቃለሁ። አንድ ብቻ ልጨምር፦ ገዢው «ሦስት ቀን ወስጄ ልሞክረው» ቢለኝ ልስጠው?

መልስ (ኮርቻና ልጓም)

አትስጠው። ሦስት ቀን ሙሉ ቢጋልበው፣ አክስቶና ጀርባውን አቁስሎ ቢመልስልህ ማስረጃ የለህም። ይልቅ እሱ ይምጣ፤ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሳይነግርህ ከሰዓት በኋላ። መጀመሪያ አንተ ኮርቻ ጫን፣ አንተ ተቀመጥ፣ ከዚያ እሱ ይቀመጥ። ቁልቁለት ይውረድ፣ ውኃ ይሻገር፣ አስፋልት ዳር ይቁም። ሳይነግርህ ሲመጣ ፈረሱን ደክሞት ወይም ሜዳ ላይ ሲግጥ ቢያገኘውም አትደንግጥ፤ ያ ፈረሱን ከማንም ይልቅ ያስመሰክርለታል።

መልስ (ከእንጦጦ ማዶ)

ውሉን በሁለት ምስክር ያድርጉት፣ ዋስዎንም ይዘው ይሂዱ፤ «የተሰረቀ ነው» የሚል ሰው ቢነሣ ገዢው የሚይዘው ዋሱን ነው። የፈረሱን መልክ፣ ነጭ ምልክቱ የት እንደሆነ፣ ዕድሜውን፣ የነገሩትን ጉድለት ሁሉ ውሉ ላይ ያስፍሩ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ተጠያቂ ነው፤ የነገሩትንና የተጻፈውን ጉድለት ግን ገዢው በኋላ ሊያነሣው አይችልም። ሽያጩ ቤት ቢሆንም ኮቴ (የከብት ሽያጭ ቀረጥ) ካለ ይክፈሉና ደረሰኙን ለገዢው ይስጡ፣ መንገድ ላይ ሲጠየቅ እሱ ነው የሚያሳየው። ኮርቻውን ከፈረሱ ጋር በአንድ ዋጋ አያጠቃልሉ። ለብቻው ይተምኑት፣ ድርድሩ ሲጠነክር ከዋጋው ከሚቀንሱ ግላሱን ይመርቁለት።